ፎቶው ከተራራው ይነሣል፣ ሥራው ግን ተራራውን አልወጣም

ለቱሪዝም፣ ለቅርስ ጥበቃና ለገጠር መንገድ ሥራ ኃላፊዎች
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ በላስታ ተራሮች የሚገኙ የእግር መንገዶች፣ የገጠር አብያተ ክርስቲያናትና የመንደር ማረፊያዎች ሳይጠገኑ ጎብኚ እየተጠራ መሆኑን ይመለከታል

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ላሊበላን ለማስተዋወቅ በሚወጡ ፖስተሮችና ቪዲዮዎች ላይ የይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ የአሸተን ማርያም ገደልና የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጅብራ (ረጅሙ የደጋ ተክል) ይታያሉ። ገንዘብና ባለሙያ ሲመደብ ግን ሁሉም ከተማው ውስጥ ካሉት ከአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት አያልፍም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ፣ ቀጥሎም የሰሜኑ ጦርነት ሲመጣ የተራራው መንገድ እንግዳ አጣ። እንግዳ ሲጠፋ ጠጋኝም ጠፋ። አሁን ጎብኚ እንመልሳለን ተብሎ ጥሪ እየተዘጋጀ ነው። የምንቃወመው ጥሪውን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ነው፤ ጥገናው ከጥሪው መቅደም አለበት።

የተለመደው የጉብኝት ዕቅድ ራሱ ገጠሩን የሚያገል ነው። እንግዳው ጠዋት በአውሮፕላን ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዎቹን አብያተ ክርስቲያናት ያያል፣ በማግስቱ የቀሩትንና ቤተ ጊዮርጊስን ጎብኝቶ ይመለሳል። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለው ነአኩቶ ለአብ፣ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጸበል በድንጋይ ገበታ የሚጠራቀምበት፣ ጊዜ ከተረፈ ብቻ ይታያል። ንቦች በግድግዳው ውስጥ የሚኖሩበት ብልባላ ጊዮርጊስ፣ ብልባላ ቂርቆስ፣ አርባዕቱ እንስሳ፣ ገነተ ማርያም፣ ከእርሷም ወዲያ ያለው መኪና መድኃኔ ዓለም ጭራሹን አይነሡም። እነዚህን በበቅሎና በእግር ለማገናኘት አራት አምስት ቀን ያስፈልጋል። አንድ እንግዳ አምስት ቀን ተራራ ላይ ሲቆይ የበቅሎ ባለቤት፣ ምግብ አብሳይ፣ ውኃ ቀጂ፣ እንቁላል ሻጭና የደብሩ ካህናት ከጉዞው ድርሻ ያገኛሉ። አንድ ቀን አድሮ ሲመለስ ግን ገንዘቡ እዚያው ከተማው ውስጥ ይቀራል።

በመንገዱ እንጀምር። የላሊበላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አሸተን ማርያም 3,150 ሜትር አካባቢ። በእግር የሚወጣ ሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ወደ መጨረሻው መንገዱ ገደሉን ታክኮ ይሄድና በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያልፍም፤ የሚወርደው ቆሞ የሚወጣውን ያሳልፋል። ደረጃዎቹ ከእግር ብዛት ተሞርደው ልሙጥ ሆነዋል። በበጋ ጉዳት የለውም። ካፊያ ጠብ ሲል ግን የጫማ ሶል አይዝም፣ የበቅሎ ኮቴም ይንሸራተታል። በበቅሎ የመጣ እንግዳ ገደሉ ከመጀመሩ በፊት መውረድ አለበት፤ ቁልቁለት ላይ ተቀምጦ መውረድማ ለሰውም ለበቅሎም አደጋ ነው። ይህን የሚናገር አንድ ሰሌዳ እንኳ የለም።

መንገዱን የሚያፈርሰው በዋናነት ውኃ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የእግር መንገዱን ቦይ ያደርገዋል። በቅሎ ጭቃ ትሸሻለችና ወደ ጠርዝ ትወጣለች፣ ሰውም ይከተላታል፤ አንድ ሜትር የነበረው መንገድ በጥቂት ክረምት ሦስትና አራት ሜትር ይሆናል። የሚበላው የገበሬው የገብስ ማሳ ነው። ባለማሳው በንዴት አጥር ሲያጥር መንገደኛው ሌላ ጥርጊያ ያወጣል፤ ከዚያ ጠቡ ይጀመራል።

መድኃኒቱ ሲሚንቶ አይደለም። ከዚህ በፊት ዳገቱ ላይ ሲሚንቶ የፈሰሰባቸው ቦታዎች ለበቅሎ ኮቴ ያዳልጣሉ፤ ውኃውም ከሥር ገብቶ አፈሩን ሲያጥብ ሲሚንቶው ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይሰበራል። ሥራው ከባድ ባይሆንም ብልሃት ይፈልጋል። ረጅም ጠፍጣፋ ድንጋይ መንገዱን አቋርጦ ይቀበራል፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ጋደል ብሎ፣ የላይኛው ጫፍ ወደ ተራራው፣ የታችኛው ወደ ቁልቁለቱ። ከድንጋዩ ቁመት ሁለት ሦስተኛው መሬት ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ የመጀመሪያዋ በቅሎ ትነቅለዋለች። ዳገቱ ሲበረታ በየ5 ሜትሩ፣ ለዘብ ሲል በየ10 ወይም በየ15 ሜትሩ ይደረጋል። የውኃው መውጫ ወደ ማሳ ሳይሆን ወደ ድንጋያማ ቦታ ወይም ሥር ወደ ሰደደ ሣር መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ተሠርቶ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባና መስከረም ሲጠባ ደለሉ ካልተጠረገ ውኃው ድንጋዩን ዘሎ ወደ ቀድሞ ቦዩ ይመለሳል። የጠራጊ ደመወዝ ያልተያዘለት ግንባታ ዕድሜው አጭር ነው።

ስለ መኪና መንገዱ የምንለው ለየት ይላል። ገጠሩ መንገድ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ወላድ ወደ ሐኪም ቤት የምትደርስበት ነው። ቅሬታችን ስለ አሠራሩ ነው። ተራራው ሲቆረጥ አፈሩና ቋጥኙ ወደ ታች ይለቀቅና የጥንቱን የእግር መንገድ ይቀብረዋል። የውኃ መውረጃ ቱቦዎቹም አፋቸው ብዙ ጊዜ በቀጥታ በእግር መንገዱ ላይ ይከፈታል። ቱቦው በሚወጣበት አፍ ሥር ድንጋይ ተነጥፎ ውኃው እስከ ተፈጥሮ ሸለቆው ድረስ ቢመራ፣ ተጨማሪው ድካም የጥቂት ቀን የሰው ጉልበት ነው።

ይህንን መንገድ የቱሪስት መንገድ ብቻ አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ እንላለን። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ለልደት በዓል፣ ከዋግ፣ ከራያና ከጎንደር በእግራቸው ብዙ ቀን ተጉዘው የሚመጡ ምእመናን በእነዚሁ ተራሮች ይወርዳሉ። አረጋውያን አሉ፣ ሕፃን ያዘሉ እናቶች አሉ፣ በስለት ባዶ እግራቸውን የሚመጡ አሉ። ስንቃቸው በሶና ቆሎ ነው፤ ውኃ ግን ተሸክመው አይዘልቁትም። ምንጮቹ ደግሞ ከብት የሚጠጣባቸውና ያልታጠሩ ናቸው። ምንጭ ለማጎልበት የሚያስፈልገው ከዓይኑ በላይ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ፣ ዓይኑን የሚከልል የድንጋይ ካብ፣ አንድ የቱቦ አፍና ከሥር ለከብት የሚሆን ገንዳ ነው። የእግር መንገዱ ላይ ስላለው የመጸዳጃ እጦት ብዙ መዘርዘር አያስፈልግም፤ በበዓሉ ማግስት ቁጥቋጦው ውስጥ የሚቀረው ነገር በመጀመሪያው ዝናብ ወደ ምንጮቹ ይወርዳል።

ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ስንመጣ ከሁሉ በፊት ይምርሐነ ክርስቶስ ያሳስበናል። ከላሊበላ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ ከዚያ በጽድ ደን ውስጥ ሃያ ደቂቃ ያህል ዳገት ወጥቶ ይደረሳል። ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በነገሠው በካህኑ ንጉሥ ይምርሐነ ክርስቶስ ዘመን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዋሻ ውስጥ የታነጸ ነው። ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ እየተደራረበ የወጣ የአክሱም ዘመን አሠራር ነው። የመስኮቶቹ ፍልፍል እንጨትና የጣሪያው ቅብ እስከ ዛሬ የቆዩት ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ስለከለላቸው ነው። አሁን የሚጎዳው ጉዳት ከውስጥ የሚመጣ ነው። የዋሻው ወለል ደረቅ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃ አቧራ ያስነሣል፤ አቧራው ቅርጻ ቅርጹና ቅቡ ላይ ይቀመጣል። ቤቱን የሚወድ ሰው በመጥረጊያ ወይም በደረቅ ጨርቅ ሲጠርገው ቀለሙም አብሮ ይነሣል። የጧፍ ጢስ ከላይ ጥቀርሻ ይጨምራል። ጠባቡ መተላለፊያ ላይ የጀርባ ቦርሳ ግድግዳውን ይፍቃል።

ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ የተከማቸው ዐፅም ደግሞ ለብቻው ይታይ። በምእመናኑ ዘንድ እዚያ ሊያርፉ የመጡ ተሳላሚዎች ዐፅም ነው። አንዳንዱ ከነቆዳው የደረቀ ነው። በቂ መከለያ ባለመኖሩ ለፎቶ የሚጠጋ ሰው ይረግጠዋል፣ ያንቀሳቅሰዋል። ይህ የቅርስም የክብርም ጉዳይ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ መሄጃው ላይ የሰሌን ምንጣፍ፣ ከዐፅሙ ሁለት ሜትር ርቆ የሚቆም ዝቅተኛ የእንጨት አጥር፣ በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰው በላይ እንዳይገባ የሚቆጣጠር አንድ ሰው፣ ቦርሳ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ከበሩ ውጭ፣ እንዲሁም አቧራው በለስላሳ ብሩሽ በባለሙያ እንዲነሣ ለካህናቱ የሚሰጥ ሥልጠና።

ገነተ ማርያም ያለችበት ችግር ሌላ ነው። ከአንድ ዓለት የተፈለፈለች ናት፤ የዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ናት፤ እርሳቸው እ.ኤ.አ. ከ1270 እስከ 1285 ነግሠዋል፣ ሥዕላቸውም ከግድግዳ ሥዕሎቹ መካከል ይገኛል። የአካባቢው ዓለት በውስጡ ውኃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ አለበት። ክረምትና በጋ ሲፈራረቅ ዓለቱ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ ሥዕሉም ከጀርባው ረጥቦ ይላጣል። በጎ አሳቢ ሰው ስንጥቁን በሲሚንቶ ሲደፍነው ነገሩ ይብሳል፤ ሲሚንቶ ከዓለቱ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነና እርጥበት ስለማያሳልፍ ውኃው በጎኑ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በላሊበላም ከዚህ በፊት በጥገና ስም የተቀባ ሬንጅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ተፍቆ እንዲነሣ ተደርጓል። ያ ልምድ እያለ ገጠር ላይ ስሕተቱ መደገም የለበትም። ስንጥቅ በኖራ ነው የሚደፈነው፤ ከዚያም በፊት በጣሪያው ላይ የሚተኛው ውኃ የሚወርድበት ቦይ ይጠረጋል፣ ሥሩ ዓለቱን የሚከፍተው ቁጥቋጦ ሳይነቀል ግንዱ ይቆረጣል። ቢነቀል ሥሩ የያዘውን ዓለት ይዞ ይወጣል።

ስለ ንዋያተ ቅድሳት። በገጠሩ ብዙ ደብር የብራና መጻሕፍትና መስቀሎች ዕቃ ቤት ውስጥ በሣጥን ወይም በግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይገኛሉ። እንግዳ ሲመጣ ለማሳየት ወደ ፀሐይ ይወጣሉ፣ ገጹ በላብ ጣት ይገለጣል። ከዚህ የሚከፋው ግን መዝገብ አለመኖሩ ነው። የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ተሰርቆ በ2001 የተመለሰው የታወቀና ፎቶው የነበረ ስለሆነ ነው። ፎቶ የሌለው የገጠር መስቀል ቢጠፋ «የእናንተ ለመሆኑ ማስረጃችሁ የት አለ?» ሲባል ምን ይመለሳል? መዝገቡ ከባድ አይደለም፦ ማስመሪያ ከጎኑ ተቀምጦ የፊትና የኋላ ፎቶ፣ ቁመት፣ ክብደት፣ ጽሑፍ ካለው ንባቡ፣ ስብራት ካለው ቦታው። ሦስት ቅጂ፤ አንዱ ለደብሩ፣ አንዱ ለሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ ለቅርስ መሥሪያ ቤት። ካህናቱ የማይፈቅዱትን ለመመዝገብ መሞከር አይገባም፤ ታቦትማ ፈጽሞ አይነካም።

ሌላው ቁልፍ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ጉዞን ግን የሚያበላሸው ይኸው ነው። የገጠር ቄሰ ገበዝ ገበሬም ነው። እንግዳ ሦስት ሰዓት ተጉዞ ሲደርስ እርሱ እርሻ ላይ ወይም ገበያ ነው። ተጠርቶ እስኪመጣ አንድና ሁለት ሰዓት ያልፋል፤ እርሱም ሥራውን ጥሎ ስለመጣ ይቸገራል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ቅዳሴ የሚወጣበት ሰዓት ስለሚለያይ ካልታወቀ እንግዳው በቅዳሴ መካከል ይደርሳል። ሰበካ ጉባኤው ቁልፍ የሚይዙ ሁለት ተረኞች መድቦ ለተረኛው አበል ቢታሰብለት፣ የተረኛው ስልክና የቅዳሴው ሰዓት ከተማ ላይ ቢለጠፍ ነገሩ ያልቃል። ክፍያም በዚያው መስመር ይያዝ። ዛሬ አንዱ ደብር በካርኒ፣ ሌላው በእጅ፣ ሌላው እንግዳውን አይቶ ይቀበላል። ዋጋው ተጽፎ ካልተሰቀለና ደረሰኝ ካልተሰጠ እንግዳው ይጠራጠራል፣ ካህናቱም ያለ ጥፋታቸው ይታማሉ።

አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ፣ ጓሳ ሣሩ፣ ጅብራው፣ ጭላዳ ዝንጀሮውና ቀይ ቀበሮው የሚገኘው እዚያ ነው። እዚህ ተራራ ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ከሌሎቹ ተራሮች መንጋም ተነጥሎ የሚኖር ነው። ትልቁ ጠላቱ ከመንደር ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታና የውሾች ኩፍኝ ነው። ውሾች ደግሞ የበቅሎውን ጭነት ተከትለው ይወጣሉ፣ የምግብ ትራፊ ካገኙም እዚያው ይለምዳሉ። ስለዚህ ውሻ ታስሮ ከመንደር ይቅር፣ ትራፊ ምግብ ተጠቅልሎ ይውረድ፣ በተራራው ዙሪያ ላሉ ቀበሌዎች የውሻ ክትባት በየዓመቱ ይድረስ። ክትባቱ የመንደሩን ልጆችም ያድናል። ማገዶም እንዲሁ ነው። ምግብ አብሳዩ ጋዝ ካልያዘ አስታ ይቆርጣል፤ አስታ በብርዱ ምክንያት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ጅብራ ለማደግ ብዙ ዓመት ፈጅቶ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ የደረቀውን ግንድ ለእሳት የሚያነሣ ሰው ከሥሩ የወደቀውን ዘርና ቡቃያም ይረግጣል። ለእያንዳንዱ ጉዞ ማብሰያ ጋዝ ግዴታ ቢሆንና ባዶ ጣሳው ተቆጥሮ ቢመለስ ችግሩ ይቃለላል።

ከፍታው በራሱ ሰው ይጎዳል። በአውሮፕላን ገብቶ በማግስቱ ተራራ የሚወጣ እንግዳ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ መጨመር የለበትም። ቢያንስ አንድ ሌሊት ላሊበላ፣ ቢቻል ሁለት፣ ከዚያ 3,300 አካባቢ አንድ አዳር፣ ጫፉ ላይ ደርሶ በዚያው ቀን መውረድ። ራስ ምታቱ ከብርቱ ድካምና ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ መድኃኒቱ መውረድ ብቻ ነው፤ «ይለፍለታል» ብሎ ማደር ሕይወት ያስከፍላል። እግሩን የተሰበረ ሰው ከሜዳው እስከ መኪና መንገዱ ለማውረድ እየተፈራረቁ የሚሸከሙ ቢያንስ ስምንት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ቃሬዛው ዛሬ የሚሠራው ከእንጨትና ከጋቢ ነው። ጉም በሚወርድበት ጊዜ ደግሞ አምባው ላይ ጥርጊያ ከጥርጊያ አይለይም። መንገዱን የማያውቅ የከተማ አስጎብኚ ብቻውን እንግዳ ይዞ መውጣቱ መቆም አለበት፤ የመንደር መሪ ይጨመርለት።

በማረፊያዎቹ ላይ ረጅም ነገር የለንም። በጎረቤት መቄት፣ በመቋት ማርያምና በዋጀላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የገጠር ሰው ራሱ የሚያስተዳድረው ጎጆ እንግዳ ተቀብሎ ገቢውን ለመንደሩ ማዋል እንደሚችል ታይቷል። እንግዳ በጠፋባቸው ዓመታት ግን ያልተከደነ ጎጆ ያፈሳል፣ ጣሪያው ካፈሰሰ የጭቃው ግድግዳ ተከትሎ ይወርዳል። ፍራሽ ይሻግታል፣ ሽንት ቤት ይሞላል። ይህን ለማደስ ሣር፣ እንጨትና የእጅ ሥራ እዚያው አለ፤ የጎደለው ለመነሻ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ነው። ለምግብ አብሳዮቹም ሥልጠና ሲሰጥ እንደ ከተማ ሆቴል አይሁን። በዚህ ከፍታ ውኃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ባቄላና ምስር ይዘገያል፣ የመጠጥ ውኃም ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ መቆየት አለበት። የሚያስፈልጋቸው እንዲህ ያለው ትምህርት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። ማንኛውም ቀጣይ የማስተዋወቅ ሥራ ከመውጣቱ በፊት የመንገድ፣ የቅርስና የቱሪዝም ባለሙያዎች በአንድነት ከላሊበላ አሸተን፣ ከአሸተን አቡነ ዮሴፍ፣ ከዚያ ይምርሐነ ክርስቶስ፣ በሌላው አቅጣጫም ገነተ ማርያም ድረስ በእግር ሄደው የጉዳት መዝገብ ያዘጋጁ፤ ሰላሙ በሚፈቅድበት ጊዜ በመስከረምና በጥቅምት መካከል ቢሆን ውኃው ያደረሰው ጉዳት ገና ትኩስ ሆኖ ይታያል። ከመግቢያ ገቢው የተወሰነ ድርሻ ለገጠር መንገድና ደብር ጥገና በስሙ ይለይ፣ ስንት እንደሆነም በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። የይምርሐነ ክርስቶስ ምንጣፍ፣ አጥርና ተቆጣጣሪ እስከ መጪው ልደት ይሟላ፤ ይህ ዓመታት የሚጠብቅ ሥራ አይደለም። ካህናቱን ሳያማክር በማንኛውም የገጠር ቤተ ክርስቲያን ላይ ጥገና እንዳይጀመር፣ ሲሚንቶም እንዳይነካ በጽሑፍ ይታዘዝ። በተራራው ላይ ቢያንስ በሦስት ማረፊያዎች ቃሬዛ፣ ብርድ ልብስ፣ የስብራት ማሰሪያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን ይቀመጥ፣ አጠቃቀሙን የሚያውቅ ሰውም ይሠልጥን። ለዚህ ደብዳቤ መልሳችሁ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ የሥራውን ቀንና ኃላፊነቱን የሚወስደውን ክፍል ጠቅሶ እንዲደርሰን በአክብሮት እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር፣

በላስታ ተራሮች የእግር መንገድ መሪዎች፣
የበቅሎ ባለቤቶችና ጫኞች፣
የመንደር ማረፊያ ጠባቂዎችና ምግብ አብሳዮች